ነጥቡን ጎትቺው እስቲ

የሒሳብ መምህርት ነኝ። የምኖረው ክፋር ማርሞሬክ ነው፤ የማስተምረውም እዚሁ ሬሆቮት፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ። በትምህርት ቤቱ ከኛ ከኢትዮጵያውያን ወገን የሆነ የሒሳብ አስተማሪ ከእኔ በቀር የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ብቻን መሆን ጣጣው ብዙ ነው። አንድ የኛ ልጅ በሒሳብ ሲወድቅ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ሲያልፍ ደግሞ ማንም አያየኝም።

አምና አንዲት ተማሪዬ ዓይኔ እያየ ከእጄ ወጣች። 

አሥረኛ ክፍል ነበረች። እዚህ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብን በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት ዩኒት ይማራል። አምስት የወሰደ ልጅ ነገ መሐንዲስ ልሁን፣ ሐኪም ልሁን ቢል በሩ ክፍት ይቆየዋል። ሦስት የወሰደ ግን ብዙውን በር ዝግ ያገኘዋል፤ ለማስከፈት ከውትድርና መልስ ዕድሜውን ይጨርሳል። የኛ ልጆች በብዛት የትኛው ክፍል እንደሚቀመጡ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። እሷ የተቀመጠችው አምስቶቹ ክፍል ነበር፤ የኛ ልጅ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ ሌላ አልነበረም። እንድትቆይ እፈልግ ነበር። መፈለግ ያንሳል፤ እጸልይ ነበር።

ጂኦሜትሪ የማስተምረው በኮምፒውተር ነው። ተማሪው ስክሪኑ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል፣ መስመር ያሰምራል፣ ክብ ይሠራል። ከዚያ አንዱን ነጥብ በማውስ ይዞ ሲጎትተው ምስሉ በሙሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በደንቡ የተሠራ ምስል ቢጎትቱትም ቢያጣምሙትም ጠባዩን አይለቅም። በግምት የተሠራው ግን ገና ሲነኩት ይፈርሳል፤ «መሐሉ እዚህ ጋ ነው» ብሎ በዓይኑ ለክቶ ነጥብ የጣለ ልጅ አንድ ጊዜ ሲጎትት ጉዱ ይወጣል። ይህን ፕሮግራም ወደ ክፍላችን ለማስገባት ከሰው ሁሉ ጋር የተጨቃጨቅሁት እኔ ነኝ። የሒሳብ መምህራን ኃላፊ የሆነችው ረካዘት ገና ከጅምሩ አልወደደችውም። «ልጆቹ እውነት መሆኑን በዓይናቸው ካዩ፣ ለምን እውነት እንደሆነ መጠየቅ ይተዋሉ» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እረግማትና ይወጣልኝ ነበር።

ልጅቱን ያወቅኋት በዚሁ ፕሮግራም ነው። አንድ ቀን ለክፍሉ እንዲህ አልኩ፦ የፈለጋችሁትን አራት ጎን ያለው ምስል ሥሩ፣ ቆንጆም ይሁን ጠማማ። የየጎኑን መሐል ያዙ፣ መሐሎቹን በመስመር አገናኙ፣ ከዚያ እየጎተታችሁ ውስጥ የሚወጣውን ተመልከቱ። የውጭው ምስል ምንም ያህል ቢጣመም፣ የውስጠኛው ፊት ለፊት ያሉ ጎኖቹ ሁልጊዜ ትይዩ ናቸው፤ ዕብራይስጡ ማክቢሊት የሚለው ምስል ነው። ሌሎቹ ልጆች አንድ ሁለት ጊዜ ጎተቱና «እሺ፣ ማክቢሊት ነው» ብለው ወደ ስልካቸው ዞሩ። እሷ አልለቀቀችውም። አንዱን ጥግ ጎትታ ጎትታ በማዶው ጎን ላይ አሳለፈችው፤ የውጭው ምስል እንደ መቀስ ተጣምሮ ቁጭ አለ። የውስጠኛው አሁንም ያው ነው። ጣቷን በትንሹ አነሳች፤ ጮክ ብላ ስትጠራኝ ሰምቼ አላውቅም።

«ሀሞራ፣ አይለቅም እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ሀሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው።

አስተማሪ ሆኜ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ያን ቀን ያንን ወደድኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ በመንገድ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ያየኝ ሰው አበደች ብሎ ይሆናል።

ከዚያ ፈተና መጣ። ፈተናው ላይ ኮምፒውተሩ ክፍት ነው፤ ልጁ ጎትቶ ያየውን ይገምታል፣ ከዚያ በወረቀት ላይ ያረጋግጣል። የእሷን ወረቀት ሳየው ቀልቤ ተገፈፈ። ላይ የተሰጠውን ጽፋለች። ታች «ስለዚህ ማክቢሊት ነው» ብላለች። በመካከል ያለው ሙልጭ ያለ ነጭ ነው። ማረጋገጫ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚኖረው በዚያ መካከል ነው፤ ነጥብ የሚሰጠውም ለእሱ ነው። ቀጣዩ ፈተና እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውም።

ረካዘቷ ወረቀቶቹን ደርድራ አሳየችኝ። «ያልኩሽ ይኸውልሽ። ታያለች፣ ትጎትታለች፣ ከዚያ በቃኝ ትላለች። እስከ ፔሳሕ በዓል እንያት፤ ካልሆነ ወደ ሦስት ትውረድ።»

«አራቱስ?» አልኳት።

«አራቱ ክፍል ሞልቷል።»

ልጅቱን አስቀርቼ ጠየቅኋት። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ታዲያ ለምን አትጽፊውም? ዝም። በሚቀጥለው ትጽፊያለሽ? «ቤሰደር፣ እሺ።» በሚቀጥለውም ያው ነጭ ወረቀት መጣ። ኮምፒውተሩን ነሳኋት፤ ማስመሪያና እርሳስ ሰጥቼ ያለ ፕሮግራም ሥሪ አልኳት። እንኳን ልትጽፍ፣ ያንን የሚጎተት ነገር ስታጣ ፊቷ ጠፋ፤ ተክል ውኃ ሲያጣ እንደሚሆነው ጠወለገች። ፕሮግራሙን መለስኩላት። ምሳሌ ሰጠኋት፣ ጀምሬ ሰጠኋት፣ ለመንኳት። አንድ ከሰዓት በኋላ ደሜ ፈላና ጮኽኩባት፦ «ምን ላድርግልሽ ነው የምትይኝ? ንገሪኝ!» ጠረጴዛውን እያየች ቆመች። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ፊቴን ታጠብኩ፤ መስተዋት ውስጥ ያለችውን ሴት ማየት አቃተኝ። ረካዘቷ ልክ ናት ብዬ ማመን የጀመርኩት ያኔ ነው። ተከራክሬ ያስገባሁት ፕሮግራም የአገሬን ልጅ እንዳታስብ አደረጋት። ለዓይኗ ሁሉን ሰጣትና አፏን ዘጋው። እንቅልፍ ነሳኝ።

እናቷ ዘንድ ደወልኩ። ቢሉ ሴንተር የሚባል የገበያ ማዕከል፣ ልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች፤ ከኋላዋ የሱቁ ሙዚቃ ይሰማል። «እኔ እስኪመሽ አልገባም፣ አባቴ ግን ከቤት አይጠፋም። ሂጂ፣ እሱን አነጋግሪው፤ እሱ ነው ያሳደጋት» አለችኝ።

ቤታቸው ቂርያት ዔቅሮን ነው። አያትየው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በእግር ከመጡት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። አረፍ በይ አሉኝ፣ ውኃ አስመጡልኝ፣ የወላጆቼን ጤና ጠየቁኝ፣ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ ሁለታችንም የምናውቀው መንደር እስኪገኝ ድረስ ስለ ትምህርት ቤት አልተነሳም። ልጅቱ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«ይች ልጅ» አሉኝ አያትየው፣ «ቀኑን ሙሉ ይህን ነገር ስትጎትት ትውላለች። ኧረ ለመሆኑ ምንድር ነው? መረብ ነው? ዓሣ ታጠምድበታለች?»

እሷ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችና ወንበሯን አስጠጋች።

«አባባ፣ ይኸውልዎት። ይኸ አራት ጥግ አለው። ጠማማ ነው፣ ግድ የለም። የየጎኑን መሐል መሐል ያዝኩና አገናኘኋቸው። አሁን ውስጥ የወጣውን ይመልከቱ፤ ይህኛውና ይህኛው አይገናኙም፣ እኩል ነው የሚሄዱት።»

«ጎትቺው እስቲ።»

ጎተተችው።

«አሁንስ?»

«አሁንም ያው ነው።»

«ለምን?» አሉ ሽማግሌው።

እኔ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ «ለምን» ብያታለሁ፤ ዝም ነው ያለችው። ለእሳቸው ግን አፏ እንደ ምንጭ ተከፈተ።

«ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ አንድ መስመር ላስምር፤ ይኸው። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ምስል ሆነ፣ አዩት? ላይኛውን ብቻ እንያ። የሁለት ጎኑን መሐል ሲያገናኙት መስመሩ ከታችኛው ጋር እኩል ይሄዳል፤ ርዝመቱም ግማሹ ነው። ይህንን በሻባት ቀን ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረሽኛል።»

«የታችኛውም ሦስት ማዕዘን እንደዚሁ ነው። ያችው መስመር ናት የጋራቸው። እንግዲህ ሁለቱም ከአንዲት መስመር ጋር እኩል ከሄዱ፣ ሁለቱም የእሷን ግማሽ ካከሉ፣ እርስ በርሳቸውስ?»

«እኩል ናቸዋ!»

«ያላ፣ በቃ፣ ጨረስን። ለዚህ ነው የማይለቀው፤ ጥጉ የትም ቢሄድ መስመሯ አለቻ።»

ማረጋገጫዋን በልቤ ተከተልኩ። የጎደለ ነገር የለውም። ቅደም ተከተሉ፣ ምክንያቱ፣ መደምደሚያው፣ ሁሉም አለ። እኔ ሰሌዳ ላይ ከማስረዳው ይልቅ የእሷ ይጥማል። እንዲህ ብዬ ጠየቅኋት፦ «ታዲያ ይህን ለምን ወረቀቱ ላይ አልጻፍሽልኝም?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ማፈር አልነበረም፤ የጠየቅኋት ነገር የምር አልገባትም።

«እርስዎ እኮ ያውቁታል» አለች።

አያትየው ደስ ብሏቸው ጭናቸውን መቱ። «ምን ልታደርግልሽ ኖሯል? ለአስተማሪዋ ልታስተምር? ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም!»

እኔም በዚያው ወግ ያደግሁ ሰው ነኝ። በአባቴ ቤት ለትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር አንድ በአንድ የሚዘረዝር ልጅ አፈ ጮሌ ይባል ነበር፤ ትልቁን ሰው እንደማያውቅ ቆጥሮታልና። በአዳሪ ትምህርት ቤትና በመምህራን ኮሌጅ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ይህ ወግ ከእኔ ተራግፎ ቀርቷል፤ መራገፉን እንኳ አላወቅሁም። ልጅቱ ያን ሁሉ ጊዜ ታከብረኝ ነበር። ነጩ ወረቀት አክብሮት ነበር። ፕሮግራሙም ምንም አልበደላትም።

ያኔ ተስፋ አደረግሁ። ተስፋ ማድረጌ ነው ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«እንግዲህ ስሚ» አልኳት። «ፈተና ላይ የምትጽፊው ለእኔ አይደለም። ለአባባ ነው።»

«አባባ ዕብራይስጥ አያነቡም እኮ።»

«እኔ አነብላቸዋለሁ።»

አሰበችበትና ጻፈች። ሲጀመር «ይመልከቱ አባባ» የሚል ነበረበት፤ እሱን ሰረዝነው፣ ሌላውን ተውነው። እኔ በየሳምንቱ ቂርያት ዔቅሮን እየሄድኩ ወረቀቱን ለሽማግሌው በአማርኛ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ለምን?» ባሉበት ቦታ ላይ እሷ አንድ መስመር ትጨምራለች። ከእኔ ቀይ እስክሪብቶ ይልቅ የእሳቸው «ለምን» ሠራ።

ከፔሳሕ በፊት ረካዘቷ በራሷ ክፍል ፈተነቻት። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ማክቢሊት ሥሪ፤ አራቱን ማዕዘኖች እያንዳንዳቸውን ለሁለት እኩል የሚከፍሉ መስመሮች አስምሪ፤ መስመሮቹ ሲገናኙ መካከል ላይ ምን ምስል ይወጣል? ለምን? እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሠራች፣ ጎተተች፣ ሬክታንግል መሆኑን አየች። እንደ ልማዷ አልለቀቀችውም፤ ጎኖቹ ሁሉ እኩል እስኪሆኑ ስትጎትተው መካከል ያለው ሬክታንግል እየጠበበ ሄዶ አንዲት ነጥብ ላይ ጠፋ። ፈገግ ስትል አየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትጽፍ ጀመር። ጎረቤት ማዕዘኖች ተደምረው መቶ ሰማንያ ናቸው፤ እንግዲያስ ግማሾቻቸው ዘጠና ናቸው፤ እንግዲያስ የቀረው ማዕዘን ዘጠና ነው። ሬክታንግሉ መቼ እንደሚጠፋና ለምን እንደሚጠፋ ሳትጠየቅ ጨመረች። ነጭ ቦታ አልቀረም። 

ረካዘቷ አነበበች፣ እንደገና አነበበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዓመቱን ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈች ልጅ ናት። ይህ ከየት መጣ?»

«ከእሷ።»

«አዘጋጅተሻታል።»

«አስተማሪዋ ነኝ! ሌላ ምን ላድርግ?»

«አልቆጣሽም። ግን ሸምድዳው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።» ወረቀቱን በእጇ ይዛ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ልጅቱን እንዲህ አለቻት፦ «የጻፍሽውን በቃልሽ አስረጂኝ።»

ያን ጊዜ አከተመ። ረካዘቷ ትልቅ ሰው ናት፣ ታውቀዋለች፣ የተጻፈውንም በእጇ ይዛዋለች። ልጅቱ ጠረጴዛውን አየች። ዝም አለች። ረካዘቷ ጠበቀች። ለአፍታ ሳይሆን በቂ ጊዜ ሰጥታ ነው የጠበቀችው፤ ይህን መካድ አልችልም።

አልቻልኩም፤ በአማርኛ «ለአባባ እንደምትነግሪያቸው ንገሪያት!» አልኳት።

«ይቅርታ» አለች ረካዘቷ፣ «በማልሰማው ቋንቋ አትርጂያት።»

ነገሩን አስረዳኋት። ወጉን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ወረቀቱን አስቀምጪና አላውቅም በያት፣ እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደማታውቂ ሁኚ ብዬ ለመንኳት።

በሐዘኔታ አየችኝ። «የሒሳብ ረካዘት ነኝ። ልጅን ለማናገር ብዬ አላውቅም አልልም። የመንግሥት ፈተና ላይስ ማን እንዲህ ይልላታል?» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች፦ «ምንም የምትዪው የለሽም?»

ልጅቱ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብላ፣ «ሁሉም እዚያ ተጽፏል» አለች።

በአክብሮት ነበር ያለችው። እኔ ሰማሁት። ረካዘቷ የሰማችው ግን ጥጋብ ነው፤ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ከእሁድ ጀምሮ ሦስት» አለች። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሮጥኩ፣ ጮኽኩ፣ አለቀስኩ። የሒሳብ ጉዳይ የረካዘቷ ነው አለኝ።

ዓርብ ዕለት ቂርያት ዔቅሮን ሄድኩ። በስልክ የሚነገር አልመሰለኝም። ሽማግሌው ለሰንበት መግቢያ የሻባት ልብሳቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል።

«እህሳ ልጄ፣ እንዴት ሆነች?»

«በደንብ ጻፈች አባቴ። አንድም ነገር አልጎደላትም። ከዚያ ኃላፊዋ በቃልሽ አስረጂኝ አለቻት።»

«እሷስ?»

«ዝም አለች።»

ፊታቸው በራ። «ሴትዮዋ ትልቅ ሰው ናት?»

«ናት።»

«የምታውቀውን ነው የጠየቀቻት?»

«አዎ፣ አባቴ፣ ግን...»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብድግ አሉ። «አየሽ፣ ጠባይዋን ነው የፈተነቻት! ሒሳቡንማ ጽፋ ሰጥታ የለ! ሌላ ልጅ ቢሆን ይለፈልፍ ነበር። አሳድጌያታለሁ፣ በደንብ አሳድጌያታለሁ። ታዲያ አለፈች አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። ልጅቱ የውኃ ብርጭቆ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ሁሉን ሰምታለች። እሳቸው በማይሰሙት ፈጣን ዕብራይስጥ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ «እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ «አልፌያለሁ፣ አባባ» አለች።

ለእሳቸው ሁሉን ነገር ነበር የምታስረዳው። ጎንበስ አለችላቸው፤ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቋት፣ እኔንም መረቁኝ። አሜን አልኩ።

እዚህ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው፤ እሁድ ጠዋት ወደ ሦስቶቹ ክፍል ገባች። እዚያ ፕሮግራሙ አይከፈትም፤ ጂኦሜትሪያቸው ቁጥር አስገብቶ መልስ ማውጣት ነው፣ ማረጋገጫ የሚባል ነገር የለበትም። በመስኮቱ በኩል ሳልፍ አያታለሁ። መልሷ ሁሉ ትክክል ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም።